የጠማማ ዛጎሎች ለቀማ

ወፊት ያሏት የሥራ ጓደኞቿ ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ አጎንብሳ ስለምትለቅም። የምትለቅመው ግን እህል አይደለም። ከባሕር ወለል ተሰርስሮ የወጣ የጥንት ጭቃ ታጥቦና ተነፍቶ ሲደርቅ አሸዋ የመሰለ ነገር ይቀራል። በማጉያ መነጽር ሲያዩት አሸዋው ሁሉ ዛጎል ነው፤ ባሕር ላይ ሲንሳፈፉ ኖረው ያለፉ የደቃቅ ፍጥረታት ቤት። ፍጥረቱ ባደገ ቁጥር በቤቱ ላይ አንድ እልፍኝ ይቀጥላል፣ አዲሱ ከቀድሞው ሰፋ ይላል። ወፊት በረጠበ ብሩሽ ጫፍ አንዷን ታነሳና ጥቁር ካርቶን ላይ ታስቀምጣታለች። ከዚያ ሌላዋን። ሥራው ይኸው ነው፤ አንገት የሌለው ሰው ቢሠራው ይሻል ነበር።

ያስቀጠራት የታናሽ እህቷ ባል ነው። ቤት ውስጥ «እትዬ» ይላታል፣ እሷም «አንተ» ትለዋለች። የቤተ ሙከራው በር ላይ ሲደርሱ እሱ ዶክተር ይሆናል፣ እሷም «እርስዎ» ማለት ትጀምራለች። ሁለቱም ሳይሳሳቁ ለምደውታል።

የዶክተሩ ሐሳብ ይህ ነበር፦ ብዙ ዝርያዎች ከመጥፋታቸው ቀደም ብሎ ባሕሩ ሞቆና ታፍኖ ከነበረ፣ የዚያ ዘመን ዛጎሎች መጣመም አለባቸው። ለወፊት ግን አልነገራትም፤ የሚፈልገውን ካወቀች ዓይኗ ያንኑ ያገኛል ብሎ ሰጋ። ለቅማ ስትጨርስ ካርቶኑ ላይ አንድም ጠማማ የለም፣ ሁሉም እንደ ሙሽራ። ባልደረቦቹ «የአንተ ባሕር ከእኛ ይልቅ ጤነኛ ነበር» እያሉ ቀለዱበት። እሱም በስብሰባ ፊት ቆሞ «ተሳስቻለሁ» ሊልና ጥናቱን ሊዘጋ ቆረጠ።

በስብሰባው ዋዜማ ኮምፒውተሩ ላይ ፎቶ አሳያት።

«እነዚህን እዪልኝ። ሌሎች ያገኟቸው ናቸው። የእኔ ባሕር እንዲህ ያለ አልወለደም።»

የአንዷ የመጨረሻ እልፍኝ እንደ ኪንታሮት ተኮማትሯል። ሌላዋ ወደ ጎን ዞራለች። አንዷ ሁለት አፍ አላት። ወፊት ክው አለች። ታውቃቸዋለች። እያየች ወዲያ ገፍታቸዋለች።

ልጅ ሳለች እናቷ ስንዴ ስታስለቅማት «ጤነኛው ወዲህ፣ የተበላሸው ወዲያ» ትላት ነበር፤ እጇም ያን አልረሳም። እዚህ ጠማማውን ተዪ ያላት የለም፣ አትተዪ ያላትም የለም። ወንፊት የሰበራቸው መስሏት ነበር። እውነቱ ይነገር ከተባለ ደግሞ ካርቶኑ እንዲያምር ፈልጋለች፤ «የአንቺን ካርቶን ማየት ደስ ይላል» ብሎ ዶክተሩ ካመሰገናት ወዲህ ብሶባታል።

«ምነው እትዬ፣ ፊትሽ ተለዋወጠ?»

«አንገቴ ነው።»

አንገቷ የዚያን ቀን ደህና ነበር።

ሳትለቅመው የቀረው ተራፊ በብልቃጥ ተቀምጧል። ዶክተሩ ሲወጣ አወጣችው። ጠማማዎቹን ብትመልሳቸው ማን ያያል? አንዷን አነሳች፣ ሌላዋን አነሳች፣ ቀለል አላት። እየቆየ ግን እጇን ታዘበችው። ትንሽ ዘመም ያለችውን፣ ጠርዟ የተፈነከተውን፣ በእርግጥም ወንፊት የሰበራትን ሁሉ እየጠራ ያነሳል፤ ጤነኛዋን ግን ይዘላታል። ቅንድቧን ልትኳል ዓይኗን አጠፋች እንደሚባለው፣ ቀና ብላ ስታየው ባሕሩ የሕሙማን መኝታ መስሏል። ይህን ማቃናት የሚችል የሆነውን የማያውቅ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው እንዲመጣ ደግሞ እሷ መናገር አለባት።

ዶክተሩ ቢሮው ውስጥ ነገ የሚናገረውን ይሰርዛል፣ ይደልዛል።

«ዶክተር፣ እርስዎ... አንተ...» አለች፤ የቱን እንደምትል ጠፋት። «ጠማማዎቹን የተውኳቸው እኔ ነኝ። እንዲያምር ብዬ።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ምን ያህል ነበሩ?»

«እሱን አትጠይቀኝ። አሁን ልመልሳቸው ብዬ ጭራሽ አበላሸሁት። የማምነው እጅ የለኝም።»

የጻፈውን ወረቀት አጠፈ።

«የምፈልገውን እንዳልነግርሽ ስጠነቀቅ፣» አለ፣ «ሳትመርጪ ልቀሚ ማለቱን ረሳሁት።»

«ተቆጣኝ እንጂ።»

«ለቁጣው እህትሽ አለችልሽ፤ እኔ አቅቶኛል።»

ስብሰባውን ወደ ሌላ ቀን አስተላለፈ። ካርቶኑ ላይ የደረደረቻቸውን ዛጎሎች በውኃ አላቅቆ፣ ዓይኗ እያየ ከተራፊው ጋር ቀላቀላቸው። ከሌላ ክፍል አንዲት ለቃሚ አስመጣና ከወፊት አጠገብ አስቀመጣት።

«ምን ፈልጌ ነው የምለቅመው?» አለች ሴትዮዋ።

«ምንም። የመጣውን ሁሉ፣ በተራው።»

ወፊት ከሌላ የጭቃ ንብርብር የመጣ ሥራ ተሰጣት፣ ትንፍሽ እንዳትልም ተነገራት። ሴትዮዋ እያንጎራጎረች ትለቅማለች። አንዳንዴ ብሩሿ አንዷ ላይ ቆም ይላል። ያን ጊዜ ወፊት የራሷ ማጉያ ላይ ትደፋለች። ጠማማዎቹ ብዙ ይሁኑ፣ እሱም ከኀፍረት ይትረፍልኝ ብላ ልትጸልይ ጀመረች። ይህም ያው መምረጥ መሆኑ ሲገባት ተወችው።