«ቀጣዩ ቤት የእርስዎ ይሁን»

ፔይሮንግ ብሎጉን ለመጻፍ ከፈጀባት ጊዜ ይልቅ የባሏን አባት ለማሳመን የፈጀባት ይበልጣል። አባባ ሹይሙ በታይዋኗ ታይናን ከተማ፣ ከቤተ መቅደሱ ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ፣ ዕድሜ ልካቸውን ለሙታን የወረቀት ቤት ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ቀርከሃ ሰንጥቀው ያቆማሉ፣ ባለቀለም ወረቀት ያለብሱታል፣ በርና መስኮት፣ አልጋና ማጀት ያበጁለታል። ከዚያ የሟች ቤተሰብ ወስዶ ያቃጥለዋል፤ ቤቱም ለባለቤቱ ይደርሳል። «የእኛ ዕቃ ካልተቃጠለ ዋጋ የለውም» ይላሉ ሽማግሌው፣ ቀልዳቸው ይሁን ቁም ነገራቸው ሳይለይ።

ሰው መሞቱን አላቆመም፤ ወደ ሹይሙ ሱቅ መምጣቱን ግን አቁሟል። ፋብሪካ ታትሞና ታጥፎ በካርቶን የሚመጣ ቤት በርካሽ ያወጣል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት፣ ሁሉም ሶፋው ቀይ። አቶ ሊያዎ የሚባል የወተት ሻይ ነጋዴ ደግሞ ሱቋን ካላከራያችሁኝ እያለ ደጅ ይጠናል። አባባ ሹይሙ ቁርጡን ተናግረዋል። ሙታን ለጉብኝት የሚወጡበት ሰባተኛው ወር እስኪያልቅ ይጠብቃሉ፤ ሥራ ካልመጣ ውሉን ይፈርማሉ፣ እሳቸውም የመኪና ማቆሚያ ጥበቃ ይሆናሉ። «ቢያንስ ቁጭ ብዬ ነው የምሠራው» አሉ።

ይህ ነገር ፔይሮንግን እንቅልፍ ነሳት። ባሏ ካዎሹንግ ወደብ ላይ ይሠራል፤ እሷ ግን ከተጋቡ ጀምሮ ከሽማግሌው ጎን ቁጭ ብላ፣ ጣቷ እየደማ፣ ቀርከሃ መሰንጠቅ ለምዳለች። ከዚያ በፊት የአንድ ድርጅት ስልክ መላሽ ነበረች፤ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር ለተቆጣ ሰው ስታነብ ትውል ነበር። ሱቁ ከተዘጋ መመለሻዋ እዚያው ነው። በእጇ የሠራችውን መስኮት ከፍታ ከዘጋች በኋላ እዚያ መመለስ ሞት ሆኖ ታያት።

«ብሎግ ማለት ምንድነው?» አሉ ሽማግሌው።

«ድርጅቱ ስለራሱ የሚጽፍበት ቦታ ነው፣ አባባ። ሰው ያነባል፣ ይወደናል፣ ከዚያ ይገዛል።»

«የሞት ዕቃ ወሬ ቁጭ ብሎ የሚያነብ ማነው? ጤነኛ ሰው?»

«ጤነኛ ካልሆነማ ደንበኛችን ነው።»

ሽማግሌው ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት፤ ፔይሮንግም እሺታ አድርጋ ቆጠረችው።

ለመጀመሪያዎቹ ጽሑፎቿ እግዜር ይቅር ይበላት። ጥራት፣ ፍጥነት፣ ተመጣጣኝ ዋጋ፤ ሱቁ የወረቀት ቤት ይሽጥ የቧንቧ ዕቃ አይታወቅም። ያነበቡት ታናሽ እህቷና አንድ ጎማ የሚሸጥ ሰው ብቻ ናቸው፤ እሱም የራሱን ጎማ አስተዋውቆ ሄደ። ቢጨንቃት በኢንተርኔት ምክር ፈለገች። ምክሩም አንባቢህን ሳትጋብዝ አትሰናበት፣ ነገሩ የራሱ እንዲመስለው አድርግ ይላል። ደስ አላት። አባባ ሹይሙ የሠሩትን ባለ ሦስት ፎቅ ውብ ቤት ፎቶ አንስታ ለጠፈችና ከሥሩ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «ቀጣዩ ቤት የእርስዎ ይሁን። ከነቤተሰብዎ ይምጡ፤ ደጋግመው ይጎብኙን።»

ጫማ ነጋዴ ቢጽፈው ደግ ነው። ዳቦ ጋጋሪ ቢጽፈው ደግ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ስልኳን ስትከፍት የአንባቢው ብዛት ጉድ ነው። ልቧ በደስታ ዘለለ፤ ቁርስ ሳትቀምስ አስተያየቶቹን ማንበብ ጀመረች። «ገና ልጅ ነኝ፣ ምን በደልኳችሁ?» ይላል አንዱ። «ከነቤተሰቤ ከሆነ ቅናሽ አለው?» ይላል ሌላው። «አያቴ አንብባ ትፍ ትፍ ብላ ስልኬን በጨው አሸችው» ያለችም ነበረች። ፔይሮንግ የጻፈችውን መልሳ አነበበችው፤ ለካ አንባቢውን ከነቤተሰቡ እንዲሞት ጋብዛዋለች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አባባ ሹይሙ ወሬውን የሰሙት ከሁሉ በኋላ ነው። ያሰሟቸው ከማዶ ዓሣ የሚሸጡት እትዬ ቹንዪንግ ናቸው፤ ከነሽርጣቸው መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«አንተ ሹይሙ፣ ምራትህ አገሩን በሙሉ ልትቀብርልህ ነው አሉ። እኔን ከዝርዝሩ አውጡኝ፣ ገና ያልሸጥኩት ዓሣ አለኝ።»

ፔይሮንግ አንድም ሳትደብቅ አነበበችላቸው። ሽማግሌው ቢላዋቸውን አስቀመጡ። በዚህ ሱቅ ደንበኛ ሲወጣ «ደግመህ ና» አይባልም፤ እንደ እርግማን ነው። እሳቸው ከወጣትነታቸው ጀምሮ ሰውን የሚሸኙት አንገታቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጥጉን እስኪዞር ድረስ ዝም ብለው በመቆም ነው። ምራታቸው ግን ያንን ቃል ለማታውቀው ሕዝብ በሙሉ በትናዋለች።

«አሁኑኑ አጠፋዋለሁ፣ አባባ» አለች።

«ለቅሶ ቤት ገብተሽ ብትስቂ፣ በሩን ዘግተሽ ትሮጫለሽ? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ቁጭ በይና ሰዎቹን ይቅርታ ጠይቂ።»

ቁጭ አለች። ምክሩን ሁሉ ረስታ የምታውቀውን ብቻ ጻፈች። በሱቃቸው ሰው እንዴት እንደሚሸኝ ጻፈች። ሽማግሌው ቀርከሃ ከመንካታቸው በፊት ሁልጊዜ ሁለት ነገር እንደሚጠይቁ ጻፈች፤ ሟቹ ምን ይወድ ነበር፣ ምንስ ያማርር ነበር? ዕድሜውን ሙሉ ደረጃ ሲረግም ለኖረ ሰው ደረጃ የሌለው ቤት ሠርተውለት ሚስቱ በሩን እየዳሰሰች እንዴት እንደሳቀች ጻፈች። መጨረሻ ላይም፦ «ይቅር በሉን። የምንመኝላችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኛና እናንተ ለረጅም ጊዜ አንገናኝ።»

ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም። ሊስቅ የመጣው ሰው ሁሉ አንብቦ ቀረ፤ ከዚያም የራሱን ሟች ይዞ መጣ። አባቴ ቁማር ይወድ ነበር፣ ግን ሁልጊዜ ይሸነፍ ነበር፤ የሚያሸንፍበት ጠረጴዛ ትሠራላችሁ? አያቴ ጎረቤት ይጠላ ነበር፤ አጥሩን ረጅም አድርጉለት። ፔይሮንግ እየሠራች ጮክ ብላ ታነባለች፤ ሽማግሌው ያልሰሙ ይመስላሉ፣ ቢላዋቸው ግን ይቆማል።

አንዲት ሴት እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ቆማ ገበያ ላይ ኦይስተር የሚሉት የባሕር ዛጎል ሥጋ ያለበት ቂጣ ስትጠብስ ኖረች። ካርቶን ቤት ገዝተን ነበር፤ ምድጃው ለእሷ ከፍ ይላል። እዚያም በእግሯ ጣት ቆማ የምትጠብስ ይመስለኛል።»

ሽማግሌው ቀና አሉ። «ቁመቷን ጠይቂያት።»

ሠሩላት። ምድጃው ዝቅ ያለ፣ ወንበሩ ድጋፍ ያለው፤ የሚጠብሱ ሁለት የወረቀት ሠራተኞች ቆመዋል፣ እናትየው ተቀምጣ ጣቷን ቀስራ ታዝዛለች። ልጅቷ ልትወስድ ስትመጣ የተቀሰረውን ጣት አይታ «በቃ እሷው ናት» አለችና እየሳቀች አለቀሰች። ፔይሮንግ አስፈቅዳ ጻፈችው፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ እረፍት አልሰጣቸውም። ከታይፔይ፣ ከታይቹንግ፣ ከትናንሾቹ ደሴቶች ሳይቀር ትዕዛዝ ጎረፈ።

ሽማግሌውም ጣልቃ መግባት ጀመሩ።

«ሙጫውን ከሩዝ እንደምናበስለው ጽፈሻል?»

«ጽፌያለሁ።»

«እኔንስ ምን ብለሽ ጻፍሽ?»

«ሽማግሌው ብዬ።»

«መልከ መልካሙ ሽማግሌ በይ። ነጋዴ ቃል አይቆጥብም።»

ወሩ ሲያልቅ፣ በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ አቶ ሊያዎ ውሉን በቦርሳው ይዞ መጣ። ሱቁ በሰው ጢም ብሏል። ፔይሮንግ ከሩቅ ስታየው ሥራዋን አቆመች፤ ትዕዛዙ እንዲህ ቢበዛም አባባ ሹይሙ ስለ ውሉ አንድ ቃል ተንፍሰው አያውቁም፤ ሽማግሌ ደግሞ ይደክመዋል። አቶ ሊያዎ መቆሚያ ቢያጣ አግዳሚው ላይ ከደንበኞቹ መሃል ተቀመጠ።

«ማንን አጥተህ ነው፣ ልጄ?» አሉት አጠገቡ ያሉ ሴትዮ።

«ማንንም። ለንግድ ጉዳይ ነው» አለ። ሰዎቹ ሁሉ ስልካቸው ላይ የሚያነቡትን ሲያይ ግን እሱም ከፍቶ ማንበብ ጀመረ።

ወረፋው ሲደርሰው አባባ ሹይሙ ዓይናቸውን ከቀርከሃው አላነሡም።

«ምን ይወድ ነበር?»

አቶ ሊያዎ ቦርሳውን ጉልበቱ ላይ አስተካከለ። «መኪና» አለ በመጨረሻ። «አባቴ ዕድሜውን የሌላ ሰው የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሮ ሞተ። የራሱ ኖሮት አያውቅም።»

«ምንስ ያማርር ነበር?»

«እኔን። ሻይ መሸጥም ሥራ ሆነ እንዴ ይለኝ ነበር። ተኳርፈን ነው የሞተው፤ ምንም አላቃጠልኩለትም።»

«መኪናው ምን ቀለም ይሁን?» አሉ ሽማግሌው በለሆሳስ።

«ሰማያዊ። በሩ ላይ ባለቤት ተብሎ የእሱ ስም ይጻፍ።»

ያን ጊዜ አባባ ሹይሙ ቀና ብለው አዩት፤ ማን እንደሆነም ለዩት። «አቶ ሊያዎ ነህ እንዴ? የምንፈርመው ነገር ይዘህ አልነበር?»

ነጋዴው ቦርሳውን አየ፣ ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ያላለቁ ቤቶች አየ። «ሱቁን እኔ ከወሰድኩት የአባቴን መኪና የት ትሠሩታላችሁ?» አለና አፍንጫውን በመሐረብ ጠርጎ ወጣ። ሽማግሌው አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ጥጉን እስኪዞር ሸኙት።

ፔይሮንግ ሙጫ በነካ እጇ ፊቷን ይዛ ቀረች። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም።

«ምን ታለቅሻለሽ?» አሉ አባባ ሹይሙ፣ ሰማያዊ ወረቀት እየመዘዙ። «ጎማውን እኔ እይዛለሁ። በሩን አንቺ ሥሪ፤ ስሙንም አንቺ ጻፊው።»