የዛፍ ሥር ዳኛ

ንግስት ግሪን ካርዱን ከፖስታ ሳጥን አውጥታ መሳቢያዋ ውስጥ ከቆለፈችበት ስምንት ወር አልፎታል። ካርዱ የስመኝ ነው። ዲቪ የደረሳት ስመኝ ብትሆንም፣ ፎርሙ ላይ የተሞላው አድራሻ የእናቷ የአክስት ልጅ የንግስት ነበር፤ ሲልቨር ስፕሪንግ። ሲሸኟት «ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ» ብለዋት ነበር። አመዱ ልጅ መጠበቅ፣ ማብሰልና ማጽዳት መሆኑን ግን የነገራት የለም።

አሁን ነገሩ ቀን ተቆርጦለታል። ላንግሊ ፓርክ የምትኖረው ጓደኛዋ ነጃት ሆቴል ውስጥ ሥራ አግኝታላታለች፤ መኝታም ይዛላታለች። ሰኞ ካርዷን ይዛ ካልቀረበች ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ስመኝ ሳምንቱን ሙሉ ንግስትን ልጠይቃት እያለች ይሉኝታ አፏን ያዘው። ቅዳሜ ደረሰ። ንግስትም «ዛሬ እንዝናና» ብላ እሷንና የዘጠኝ ዓመት ልጇን ኤፍራታን መኪና ውስጥ ከታ ወደ ቨርጂኒያ ነዳች።

ከአሌክሳንድሪያ ወዲያ አንድ ሜዳ ላይ፣ ሰዎች የዛሬ ሁለት መቶ ሃምሳ ዓመት ጠረፍ እንደሰፈሩት ገበሬዎች ለብሰው ለጎብኚ ትርኢት ብረት ይቀጠቅጣሉ፣ ቆዳ ያለፋሉ፣ በጭስ ዓይናቸው እየቀላ ሾርባ ይሠራሉ። ንግስት «እንደ ድሮ የሚኖሩ ናቸው» አለቻት፤ ከዚያ በላይ ለማስረዳት አልደከመችም። ስመኝ ደግሞ መብራትና መኪና የማይነኩ፣ በጋሪ የሚሄዱ አሜሪካኖች እንዳሉ ቤተ ክርስቲያን ሰምታ ነበር። እነዚያ ናቸው ብላ አመነች፤ አሜሪካ ተቀምጦ ጭስ መናፈቅ ምን የሚሉት በሽታ ነው ብላም ታዘበቻቸው።

ዛፍ ሥር ነጭ ሰው ሠራሽ ፀጉር የደፋ ዳኛ ተሰይሟል። ከፊት ለፊቱ አንዲት ወጣት ሴት እያለቀሰች ትናገራለች።

«ምን ሆና ነው?» አለች ስመኝ።

«ሰርቫንት ናት» አለች ኤፍራታ። «መርከቡን ስለከፈሉላት ሰባት ዓመት ሠራች። አሁን ፊኒሽ አድርጋለች፣ በት ወረቀቷን አይሰጧትም። ሶ ለጃጁ እየነገረችው ነው።»

ዳኛው ጠረጴዛውን ደልቆ ለሴትየዋ ፈረደ። ቀጥሎ ወደ ሕዝቡ ዞሮ አንድ ነገር ጠየቀ።

«ሌላ የተበደለ አለ ወይ ነው የሚለው» አለች ኤፍራታ።

የስመኝ ልብ ዘለለ። አያቷ ገብረየስ ስለ ድሮ ዳኝነት ሲያወሩ ሰምታ ነው ያደገችው። በሕግ አምላክ ከተባለ እንኳን ሰው ወራጅ ውኃ ይቆማል፤ ከሳሽና ተከሳሽ ልብሳቸው ተቋጥሮ ዳኛ ፊት ይቀርባሉ። የሻርፗን ጫፍ ከንግስት ሻርፕ ጫፍ ጋር ቋጥራ እየጎተተቻት ዳኛው ፊት ወጣች።

«በሕግ አምላክ!»

«አንቺ! ምን ነካሽ?» አለች ንግስት።

«እትዬ ንግስት፣ ይቅር ይበሉኝ። ካርዴን ይስጡኝ። ሰኞ ሥራ አለኝ።»

ዳኛው ምን እንደምትል ጠየቀ። ኤፍራታ መዋሸት ገና አልለመደችምና እንዳለ ተረጎመችለት፤ ግሪን ካርዱ እናቷ መሳቢያ ውስጥ እንደሆነ፣ ቁልፉም ቦርሳዋ ውስጥ እንዳለ ጨምራ።

ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። በዚያ ዘመን ግሪን ካርድ! ዳኛውም ጨዋታው ስለጣመው ኮስተር ብሎ፣ ካርዱ ዛሬውኑ ይመለስላት ሲል ፈረደ። ጸሐፊው በላባ ጽፎ፣ ቀይ ማኅተም አትሞ ለስመኝ ሰጣት።

«የስ፣ ዩር ኦነር!» ብላ ንግስት እጅ ነሣች። ሰው አጨበጨበ፤ ፎቶ አነሣቸው። ንግስት ፈገግታዋ ሳይጓደል ቋጠሮውን በጥፍሯ ፈታችው።

መኪናው ወደ ቤት ተነሣ።

«ዳኛው ፈርዶልኛል እኮ» አለች ስመኝ።

«ቲያትር ነው፣ የኔ እህት። ሰውየው ማታ ጂንሱን ለብሶ ቤቱ ይገባል። ሰው ፊት አዋረድሽኝ፤ ግን ምንም አልልሽም።» ንግስት ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ እጇን ዘረጋች። «አምጪው ወረቀቱን። እኔ ላስቀምጥልሽ።»

አልሰጥም፣ አለች ስመኝ በልቧ። ሞቼ ነው የምሰጣት። እጇ ግን ልቧን አልጠበቀም። ለታላቅ ሰው ዕቃ ሲሰጥ እንዳስተማሯት፣ ቀኝ ክርኗን በግራ እጇ ደግፋ ሰጠቻት።