ፍቃዱ የያዛቸው አሥራ ሁለት ጆንያዎች

ሰልሳቢል ሁለት ዓመት ሙሉ ያማጠችው ልብወለድ መነሻ አለው፣ መድረሻም አለው፤ መሐሉ ግን ወና ነው። የአሳታሚው አርታኢ አዲስዓለም ደግሞ ቀልድ አያውቅም። «እስከ ዛሬ አሥር ሰዓት ታሪኩን በአሥራ ሁለት ትዕይንት ከፋፍለሽ ካላክሽልኝ ተራሽን ለሌላ ደራሲ እሰጠዋለሁ» ብሏታል። እዚህ ለመድረስ ስንት በር እንዳንኳኳች እሷና አላህ ናቸው የሚያውቁት።

ስለዚህ በርበሬ በረንዳ በምትሠራበት ሱቅ፣ ረፋዱ ላይ ገበያው ቀዝቀዝ ሲል፣ አሥራ ሁለት ብጣሽ ወረቀት አዘጋጀች። ጀርባው ላይ ትዕይንቱን፣ ፊቱ ላይ የባለታሪኩን ስምና ተራ ቁጥር ጻፈች፤ «ፍቃዱ 1»፣ «ፍቃዱ 2» እያለች። ከዚያ ሁሉንም ባንዴ ለማየት እንዲመቻት በተደረደሩት የዛላ በርበሬ ጆንያዎች ላይ በመርፌ ቁልፍ አያያዘቻቸው። ከአምስት እስከ ስምንት ያሉት ጀርባቸው ባዶ ነው። ትክ ብላ አየቻቸው። አስነጠሳት እንጂ ምንም አልመጣላትም። ሰዓቱ ሲደርስ ለሶላት ወጣች።

ልጅቷን ምን እንደነካት እንጃ። በዚያ ረድፍ ስምና ቁጥር የተለጠፈበት ጆንያ ገዢ የያዘው ጆንያ ነው፤ ማንም ቢመጣ አይነካም። ሦስት ዓመት የሠራችበትን ሕግ በፍቃዱ ምክንያት ረሳችው።

ስትመለስ የሱቁ ባለቤት እትዬ የሻሽወርቅ ወገባቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ይሄ ፍቃዱ የሚሉት ደንበኛሽ የት ነው ያለው? ጋሽ ዘመድኩን ከአብነት ድረስ መኪና ይዘው መጥተው ሁሉንም ልውሰድ ቢሉኝ፣ ተይዟል ብዬ መለስኳቸው። ተያዘ ከተባለ ተያዘ ነው! ግን ሰው ይሄን ሁሉ ይዞ እንዴት ብቅ አይልም?»

ሰልሳቢል ክው አለች። «ይመጣል» ልትል አፏን ከፈተች። ግን ከየት አባቱ ይመጣል?

«እትዬ፣ ፍቃዱ የሚባል ሰው የለም። የድርሰቴ ሰው ነው።»

እትዬ የሻሽወርቅ ያወረዱባትን ሁሉ እዚህ መድገም ደግ አይደለም። «ለሌለ ሰው ብዬ ያለውን ሰው አባረርኩ!» የሚለው ከሁሉም የለዘበው ነበር። ጋሽ ዘመድኩን ጋ ደውለው እንዲመለሱ ከለመኗቸው በኋላ፣ እየተነጫነጩ ወረቀቶቹን ይነቅሉ ጀመር። ሲነቅሉ ጀርባውን ያነባሉ።

«አራት፤ ፍቃዱ ሚስቱን ሩታን ጥሎ ይጠፋል። ... ባዶ። ባዶ። ባዶ። ባዶ። ዘጠኝ፤ ፍቃዱ ይመለሳል።» ቀና አሉ። «በነዚህ አራት ጆንያዎች ሰውየው የት ሄዶ ነው?»

«እሱን ነው ያጣሁት፣ እትዬ።»

«እሱን ተይው፣ የትም ይሂድ። እሷስ?»

«እሷማ ትጠብቀዋለች።»

«ትጠብቀዋለች? በልታ ነው ሳትበላ? የቤት ኪራዩን ማን ይከፍልላታል? ልጆቹን ማን ያሳድጋል?»

ሰልሳቢል አፈረች፤ ከልቧ አፈረች። ሁለት ዓመት ፍቃዱን ተከትላ ስትዞር ለሩታ አንዲት ብጣሽ ወረቀት እንኳ አልሰጠቻትም። ባዶ ጆንያ ላይ ቁጭ አለችና አራቱን ወረቀት ባንድ ትንፋሽ ሞላቻቸው። ሩታ አልጋዋን ትሸጣለች። ሩታ ገበያ ትወጣለች፤ በመጀመሪያው ቀን ያታልሏታል። ሩታ የራሷን ሱቅ ትከፍታለች። ሩታ መንገድ መንገዱን ማየት ትተዋለች። ሁሉንም ፎቶ አንስታ ላከች፤ ለአሥር ሰዓት አሥር ጉዳይ ነበር።

አዲስዓለም ወዲያው ደወለ።

«መሐሉ ግሩም ነው። መጨረሻው ግን ተበላሸ። ሩታ እያለቀሰች ይቅር ትለዋለች ብለሻል፤ እንዲህ ያለች ሴት እንደዚያ አታደርግም። ሲመለስ ምን ትለዋለች? እሱን ካላወቅሽው መጽሐፍ የለሽም።»

አላወቀችውም። ስልኩን በእጇ ከደነችና ተመልሰው ለመጡት ለጋሽ ዘመድኩን ጭነት ወደሚያስወጡት እትዬ የሻሽወርቅ ዞረች።

«እትዬ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሉታል?»

እትዬ የሻሽወርቅ የአንዱን ጆንያ አፍ ጠበቅ አድርገው አሰሩ።

«ኃይሌ አምና መጥቶ ነበር» አሉ። ኃይሌ የልጆቻቸው አባት ነው፤ ሰልሳቢል የሞተ ይመስላት ነበር። «እዚህችው ቆሞ አንድ ኪሎ በርበሬ ጠየቀኝ።»

«ምን አሉት?»

«ምን እለዋለሁ? መዘንኩለት። እንደማንኛውም ደንበኛ አንድ እፍኝ ጨመርኩለት። ከዚያ ከኋላው ያለችውን ሴትዮ፣ ምን ልስጥሽ አልኳት።»

ሰልሳቢል የሰማችውን ቃል በቃል ለአዲስዓለም ነገረችው። እንባዋን ጠረገች፤ በበርበሬውም አላመካኘችም። በስልኩ ወዲያ ማዶ ደብተር ሲገለጥ ተሰማ።

«ሰኞ ነይና ውል እንፈራረም» አላት።

እትዬ የሻሽወርቅ ጀርባቸውን እንደሰጡ ነበሩ።

«የኔን ስም እንዳትጽፊው» አሉ። «የኃይሌን ግን ጻፊው።»