የባሕሩን ልክ የያዘችው አበሩ

ሰው አድንቅ ብትሉኝ አልችልበትም፤ የከባድ መኪና ሹፌር ነኝ፣ አፌ ለስድብ ይቀርባል። የአክስቴን ልጅ የአበሩን ነገር ሳላወራ ብቀር ግን ያንገበግበኛል።

አበሩ ጅቡቲ ከተማ፣ ባሕሩ ዳር ካለ ቤት፣ ሙሴ ኤርቬ የሚባል ፈረንሳዊ ዘንድ ተቀጥራ ትሠራ ነበር። የሰውየው ሥራ በረዶ ነው። ግሪንላንድ ላይ የተኛው ተራራ የሚያህል በረዶ ዓለም በሞቀ ቁጥር ምን ያህል እንደሚቀልጥ ያጠናል። የቀለጠው ደግሞ ዞሮ ዞሮ ባሕር ውስጥ ነው የሚገባው፤ ስለዚህ ከቤቱ ጀርባ ቁጥር የተጻፈበት እንጨት ውሃው ውስጥ ተክሎ ባሕሩ የት እንደደረሰ ይመዘግባል።

በፈረንጆቹ 2010 ለሁለት ዓመት ወደዚያው በረዶ ሲሄድ ደብተሩን ለአበሩ ሰጣት። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ሁልጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት፣ አንድም ቀን ሳትዘል እንድትጽፍለት ለመናት። እሷም ቃሏን ሰጠች።

ምን አለፋችሁ፣ ለካች! ካምሲን የሚሉት የበረሃ ነፋስ አሸዋውን ሲያስነሳ ሻሿን አፏ ላይ ጠምጥማ ለካች። ትኩሳት ይዟት ግድግዳ እየተደገፈች ለካች። እኔ "የበረዶ ዘበኛ" እያልኩ አሾፍባት ነበር። አንድ ቀን ካርቲየ 4 የሚባለው ሰፈር ዓሣ ልጋብዛት ወስጃት፣ ሁለቴ እንኳ ሳንጎርስ ሰዓቷን አይታ ተነሳች። እየተነጫነጭኩ አደረስኳት። እንጨቱ አጠገብ ቆማ፣ ሞገዱ እስኪረጋ ጠብቃ፣ አንዲት ቁጥር ስትጽፍ ሳያት በራሴ አፈርኩ። ማንም አያያትም እኮ! እኔ ትራፊክ ከሌለ ቀይ መብራት እጥሳለሁ።

ሙሴ የተመለሰ ቀን ጭነት እስኪደርሰኝ እዚያው ነበርኩ። ባሕሩ መቼ እንደሚሞላና መቼ እንደሚሸሽ የሚናገር ሰንጠረዥ አውጥቶ ከደብተሩ ጋር ሲያስተያይ ፊቱ ጠቆረ። መሸሽ ባለበት ሰዓት እሷ ሞልቷል ብላለች፤ መሙላት ባለበት ሸሽቷል።

"ደግሞስ ከሌሊቱ ሁለት ሰዓት ማን ወጥቶ ይለካል?" አላት። "ቤት ተቀምጠሽ የፈጠርሽው ነው።"

የአበሩ ልፋትስ ቢቀር ይቅር፣ ውሸታም መባሏ ነው የገደላት። እኔ ደሜ ፈላ። ልሰድበው ደብተሩን መንጭቄ ስገልጥ ቁጥሮቹን አየሁ፤ በየገጹ 2 እና 8 ሰዓት ይላል። ልሳቅ ወይስ ላልቅስ?

በጀማሪነቴ ወደብ በር ላይ ስምንት ሰዓት ተገኝ ተብዬ፣ ምሳዬን በልቼ ስደርስ ተራዬ አልፎ ቆየኝ። የእነሱ ስምንት ለካ የእኛ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው።

"ሙሴ፣ ስድስት ሰዓት ጨምርበት" አልኩት በሰባራ ፈረንሳይኛዬ። "እኛ ሰዓት የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ነው።"

እርሳሱን አነሳ። አንድ መስመር አስተካከለ፣ ሌላም፣ ከዚያ ሙሉ ገጽ። ሁሉም ገጠመ። ተነስቶ ይቅርታ ጠየቃት። እንዲህ አንድም ቀን ያልተዘለለበት ደብተር በሥራ ዘመኔ ሁሉ አላየሁም አለ።

አበሩ እንባዋን በሻሿ ጠረገች። "በረዶው አሁንም ይቀልጣል?" ብላ ጠየቀችው።

"ብሶበታል" አላት።

"እንግዲያው ስምንት ሰዓት ሊሞላ ነው" አለችና ወደ ባሕሩ ወረደች።

ሙሴ የእጅ ሰዓቱን አየ፤ የእሱ ለሁለት አምስት ጉዳይ ይላል። ደብተሩን ያዘና ተከተላት።