ጀርመን ነበርኩ

ባለቤቴ ዘውዱ ውሸታም አይደለም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ባሏን ታማለች እንዳልባል ነው። ሃያ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር የተጣመመችበት አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ እሷንም ቢሆን ያጣመመበት ሰው ነው።

ነገሩ የሆነው አሜሪካ፣ ኮሎምበስ በመጣ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ከቅዳሴ በኋላ ወንዶቹ ጸበል ጻዲቅ እየቀመሱ አንዱ በሮም እንዳለፈ፣ ሌላው ስዊድን ሁለት ዓመት እንደቆየ ያወራሉ። ዘውዱ ያቺን የስደተኛ ነጭ ፕላስቲክ ቦርሳ ይዞ ከናይሮቢ ገና መምጣቱ ነው፤ ምን ያውራ? "እኔም ጀርመን ነበርኩ" አለ። የደብሩ ሽማግሌ ጋሽ ባስልዮስ "ስንት ጊዜ?" ቢሉት "ትንሽ" ብሎ መለሰ።

ያ "ትንሽ" አሥራ አንድ ሰዓት ነበር። ፍራንክፈርት ኤርፖርት፣ አውሮፕላን እስኪቀይሩ፣ አንድ ወንበር ላይ። ስደተኞቹን የምትሸኘው ሴትዮ "ከዚህ እንዳትነሱ" ስላለቻቸው ለሽንትና ለውሃ ካልሆነ አልተነሳም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ "ጀርመን" ሆኖ ቀረ። የጀርመን መኪና የሚገዛ ሁሉ ሂልቶፕ፣ ሰፈሩ ድረስ እየመጣ "ጀርመን፣ እስቲ ይሄን ሞተር እይልኝ" ይለዋል። እሱም፣ እግዜር ይይለት፣ ኮፈኑን ከፍቶ ያያል። እኔን ሲያጩኝ እንኳ "ጀርመን የኖረ ልጅ ነው" ተብዬ ነው። በተጋባን በሦስተኛው ወር እውነቱን ነገረኝ።

"ነበርኩ አልኩ እንጂ ኖርኩ መች አልኩ?" አለኝ።

ስስቅ ሁለት ቀን አኮረፈኝ። እኔም ምስጢሩን ዋጥ አደረግኩት፤ ዝም አይነቅዝም።

ችግር ያመጣችው ልጃችን ህብረት ናት። ትንሽ ሳለች ሲያስተኛት ስለ ጀርመን ይነግራታል፦ ወደ ላይ ስለሚፈልቅ ውሃ፣ ርቦት ሳለ ከቦርሳዋ ዳቦ አውጥታ ስለሰጠችው ነጭ አሮጊት። ልጅቷ በዚያ ላይ የራሷን ጨመረችበት፤ በሐሳቧ አደባባይ ሠራች፣ ፏፏቴ አቆመች፣ አሮጊቷን ዳቦ ቤት ከፈተችላት። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ጀርመንኛ ወሰደች። ለአንድ ሴሚስተር በኤክስቼንጅ ላይፕዚግ ለመማር ስታመለክት "ለምን ጀርመንን መረጥሽ?" ለሚለው ጥያቄ ስለ አባቷ ሁለት ገጽ ጻፈች። አንብባ ስታሰማን ዘውዱ እጄን ልታጠብ ብሎ ባኞ ቤት ገብቶ ቶሎ አልወጣም።

ሄደች። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ትማራለች፤ ዓርብ ሲደርስ አውቶቡስ ላይ ናት። ፕራግ፣ ቪየና፣ ክራኮው፣ አንዴም በአውሮፕላን ፖርቶ። "ትምህርቱ መቼ ነው?" ብላት "እማዬ፣ ሪላክስ" ትለኛለች። ፕራግ ላይ ጫማዋ ተቀዶ ግማሹን ከተማ በነጠላ ጫማ ዞረችው። ክራኮው ላይ "ሳምቡሳ የመሰለ ነገር ቀቅለው ሰጡኝ" ብላ ፎቶ ላከች፤ የሚቀቀል ሳምቡሳ፣ እስቲ ይታያችሁ። ቪየና ከስምንት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል አድራ የሁሉንም ታሪክ ይዛ ተመለሰች። ዘውዱ ፍሪጁ ላይ የአውሮፓ ካርታ ለጥፎ በየሰኞው የሄደችበትን ከተማ በእስክሪብቶ ይከብባል፤ በሚሠራበት መጋዘን፣ ዌርሃውስ ውስጥ ፎቶዋን ያላየ ሰው የለም። እውነቱን ልናገር፣ እንደዚያ ሦስት ወር ደስ ያለኝ ጊዜ ትዝ አይለኝም። እኔ በእሷ ዕድሜ ሳለሁ ብቻዬን ገበያ እንኳ አልተላክሁም።

ግንቦት ላይ መልእክት መጣ። "አባዬ፣ ላስት ትሪፔ ያንተ ከተማ፣ ፍራንክፈርት ነው። ፏፏቴው ያለበት አደባባይ ስሙ ማነው? ሴንድ አድርግልኝ።"

ከሥራ ስገባ ዘውዱ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ መነጽሩን አድርጎ ስልኩን ያያል። ጠጋ ብዬ ባየው ፏፏቴ ነው። አሳለፈው፤ ሌላ ፏፏቴ።

"ምን እየመረጥክ ነው?" አልኩት።

"የሚመስለውን።"

"ዘውዱ፣ ልጅቷን ንገራት።"

"ምን ብዬ? ሁለት ገጽ ጽፋብኛለች እኮ። ለእኔ ብላ ነው ያን ቋንቋ የተማረችው። ውሸታም ካለችኝ ከእንግዲህ በምን አፌ እመክራታለሁ?"

ዓይኑ ቀልቷል። አዘንኩለት፤ ተናደድኩበትም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም አልኩት። እሱ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና አንዱን መርጦ ላከላት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን ነጠላዬን እንኳ ሳላወልቅ በቪዲዮ ደወለች። ከጀርባዋ ውሃው ይፈልቃል፣ ፊቷ በርቷል።

"አባዬ፣ አገኘሁት። አሮጊቷ የት ጋ ነበረች?"

"እዚያ ጋ… በስተግራ" አለ ዘውዱ።

"በስተግራ ባንክ ነው።"

"ያኔ ባንክ አልነበረም።"

እኔ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ጣሪያ ጣሪያውን አያለሁ። ህብረት ጎንበስ አለች።

"ቆይ፣ ድንጋዩ ላይ የተሠራበት ዓመት አለ። 2011 ይላል። አንተ በ1999 አይደል የነበርከው?"

ዘውዱ ጉሮሮውን ጠረገ። "በእነሱ ነው በእኛ?" አለ።

"ምኑ?"

"አቆጣጠሩ።"

"አባዬ፣ ጀርመኖች ድንጋይ ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር አይጽፉም።"

ሳቄ አመለጠኝና አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። በእኛ ከሆነማ ጭራሽ ትናንት የተሠራ መሆኑ ነው! ዘውዱ ግን አልሳቀም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

"ህብረትዬ፣ ስሚኝ" አለ። "እኔ ጀርመን አልኖርኩም። ነበርኩ ነው ያልኩት። ኤርፖርት ውስጥ፣ አሥራ አንድ ሰዓት። ውሃው የመጠጥ ውሃ ነው፤ ቁልፉን ስትጫኚው ከግድግዳው ላይ ወደ ላይ ይፈልቃል። እንደዚያ ያለ አይቼ አላውቅም ነበር። አሮጊቷ ወለል የምትወለውል ሴት ናት። ዳቦው እውነት ነው። ርቦኝ ነበር፣ በኪሴ ምንም የለም፣ ከራሷ ምሳ ቆርሳ ሰጠችኝ። መውጫ የሚል ቀስት ከፊቴ ይታየኛል፤ ሰው ሁሉ እሱን ተከትሎ ይሄዳል። ለእኔ አልተፈቀደም። ተቀምጬ አየሁ፣ ከዚያ ወደዚህ መጣሁ። ይኸው ነው።"

ህብረት ከድንጋዩ ቀና አለች። ከዚያ "እሺ አባዬ" ብላ ስልኩን ዘጋች።

ምሳ አቀረብኩ፤ አልነካም። "አላልኩህም?" ለማለት ሳምንቱን ሙሉ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ተውኩት። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል" አልኩት ለማጽናናት ያህል።

"ለእኔ ገና አልነጋም" አለኝ።

አንድ ሰዓት ተኩል ያህል እንደዚያው ተቀመጠ። ካርታውን ከፍሪጁ ላይ ሊያነሳው ተነስቶ ተመልሶ ተቀመጠ። ስልኩ ሲጮኽ እኔ ነኝ ያነሳሁት። ቪዲዮ ነው፤ ሰው ይተራመሳል፣ ሻንጣ ይጎተታል።

"አባዬን ስጪኝ" አለች። ሰጠኋት።

"የት ነሽ?" አላት።

"ኤርፖርት። በባቡር ትንሽ ነው። ያለ ትኬት ውስጥ አያስገቡም፤ መንገደኛ የሚወጣበት በር ፊት ቆሜያለሁ። አንተ ከዚህ በር ጀርባ ነበርክ።"

ስልኩን አዙራ አሳየችን። በሩ ይከፈታል፣ ሰው ይወጣል፣ ይዘጋል። ወዲህ በኩል የሚጠብቁ ሰዎች ስም የተጻፈበት ወረቀት ይዘው ተደርድረዋል። ህብረትም ወረቀቷን ከፍ አደረገች። በሰንበት ትምህርት ቤት በተማረችው ፊደል "ዘውዱ" ብላበታለች፤ የ"ዱ"ን ቅጥያ ወደ ግራ አዙራዋለች።

ዘውዱ ብዙ አየው። "ተናደሽብኛል አይደል?" አለ።

"ትንሽ" አለች። "ባቡሩ ላይ ሳለሁ አለቀልኝ።"

"የጻፍሽውስ?"

"ዳቦው እውነት ከሆነ የጻፍኩትም እውነት ነው። በል አሁን ተነስ፣ እንውጣ።"

የምትሄደው እሷ ናት፤ እሱ ያለው ሂልቶፕ፣ ሳሎናችን ውስጥ ነው። ግን ዘውዱ ከሶፋው ብድግ አለ። ስልኩን በሁለት እጁ ይዞ ቆመ። እሷ ወረቀቱን ደረቷ ላይ አድርጋ መራመድ ጀመረች፤ ወለሉ አለፈ፣ ሱቆቹ አለፉ፣ አንድ የመስታወት በር ተከፈተ። ከዚያ መንገድ፣ የተሰለፉ ታክሲዎች፣ ዛፎች፣ ደመና፣ ካፊያ።

"ይኸው ጀርመን" አለችው።

ዘውዱ ስልኩን አላወረደም። እንባው አገጩ ላይ ደርሷል። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ። ያን ሁሉ ዓመት ስስቅበት የኖርኩት ወንበር ላይ ርቦት የተቀመጠው ልጅ ያን ጊዜ ነው የታየኝ።

ዘውዱ በእጅጌው ዓይኑን ጠርጎ ስልኩን ወደ ፊቱ አስጠጋ። የህብረት ፀጉር ረጥቧል።

"ኮፍያሽን ልበሺ እንጂ" አላት። "የጀርመንን ዝናብ እኔ ነኝ የማውቀው፣ አይታመንም።"

ከኤርፖርቱ ከወጣ ሁለት ደቂቃ አልሞላውም። ተውኩት።