የአሥራ ሁለተኛዋ ግልገል ዓይን

«ስንት ዓይን ነቅሏል መሰለሽ! እኔ ባየሁት ብቻ ሁለት መቶ ይሆናል። እንግዲህ ነፍሱን ይማረው።»

ከቀየት የመጣችው እንግዳ የያዘችውን የንፍሮ ሳህን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። በሚስትየዋ በጥሩሸዋ በኩል ዘመድ ስለሆነች ሟቹን በመልክ እንኳ አታውቀውም።

«የማንን ዓይን?» አለች በሹክሹክታ።

«የኛን ነዋ። እኛ እንሰፋለን፣ እሱ ይነቅላል» አለች ጎኗ የተቀመጠችው ሴት።

እንግዳዋ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበች። ያን ጊዜ የሟቹ አክስት እማማ ወለተ ኢየሱስ ከጥግ ሆነው፣ «ኧረ አታስደንግጧት!» አሉ። «የመጫወቻ ግልገል ዓይን ነው፣ የኔ ልጅ። የፈረንጅ ልጆች የሚጫወቱበት። የኔ ኪዳነ የሰው ዓይን ቀርቶ የዝንብ ክንፍ አልነቀለም።»

ጥሩሸዋ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠች ሁሉንም ሰማች። ቀና አላለችም። ኪዳነ ሰኞ ጠዋት ጫማውን እያሰረ ሳለ ነው የወደቀው፤ ማክሰኞ ተቀበረ፤ ዛሬ ረቡዕ ነው። እስካሁን እንባ አልወጣትም። ለቀስተኛ እየጮኸ ይገባል፣ አጠገቧ ሲደርስ ፊቷን አይቶ ጩኸቱን ያሳጥራል። በሩ አጠገብ ያሉት ሴቶች ምክንያቱን አግኝተውለታል፤ ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው እንባው ይደርቃል። የፊዚክስ መምህርት ስትሆን ደግሞ ይብሳል።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ የባና ሠሪ ሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ወይዘሮ አልጣሽ ከደጅ ጀምረው እያለቀሱ ገቡ። «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያሉ መጥተው ጥሩሸዋ አንገት ላይ ተጠመጠሙ። እዚያው እንደተጠመጠሙ ጆሮዋ ስር፣

«ጥሩዬ፣ አይሱዙው ነገ ስድስት ሰዓት ይነሳል» አሉ። ከዚያ ጮክ ብለው «ወንድሜን!»፣ ዝቅ ብለው ደግሞ፣ «መቶ ሃያዎቹ ግልገሎች ከነሁለት ትርፋቸው ሳጥን ገብተዋል። የቀረው ፊርማ ነው።»

«የማን ፊርማ?»

«ያንቺ።»

«የኔ ፊርማ ምን ያደርግላችኋል?»

«የፈተናው ኃላፊ በሌለ ጊዜ የሚተካው ማነው የሚል ቦታ አለ፣ የመላኪያው ወረቀት ላይ። አንቺን ጽፎ ነው የላከው። ፈረንጇ ከሁለታችሁ ሌላ አልቀበልም ትላለች። አልነገረሽም?»

አልነገራትም። ኪዳነ እንዲህ ነበር፤ የእድሩ ጸሐፊ አድርጎ ያስመረጣትም እሷ በሌለችበት ስብሰባ ነው።

«ተፈትነዋል?» አለች።

«እሱ ቢኖር ያልፉ ነበር» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ። «ሰኞ ሊፈትናቸው ነበር እኮ። ምልክቱን አስቀድመን ሰፍተንባቸዋል።»

ምልክቱ በእያንዳንዷ ግልገል ጆሮ ስር በቀይ ክር የምትሰፋ አንዲት ፊደል ናት፤ «ኪ»። ኪዳነ ሳጥኑን ፈትኗል፣ ልጅ የሚጎዳ ነገር የለበትም ማለት ነው። አሁን መቶ ሃያ ግልገሎች ኪዳነ ያላደረገውን አድርጓል እያሉ ሳጥን ውስጥ ተቀምጠዋል።

«ነገ እነግርዎታለሁ» አለች ጥሩሸዋ።

«ምኑን ትነግሪኛለሽ? ብዕሩን ይዤዋለሁ።»

«ነገ፣ እትዬ አልጣሽ።»

የፈተናው ደንብ ወረቀት የመጣው ከሦስት ዓመት በፊት ነው፤ ሰማንያ አራት ገጽ፣ በእንግሊዝኛ። ማኅበሩ እስከዚያ ድረስ ባና፣ ያን ወፍራም የበግ ፀጉር ብርድ ልብስ፣ ብቻ ነበር የሚሠራው። ባናን ማንም አይፈትነውም፤ የከተማቸው የዘመሮ ብርድ ይፈትነዋል። አንዲት ጀርመናዊት ነጋዴ መጥታ ከትርፍራፊ የበግ ፀጉር የተሠራች ግልገል አየችና ወደደቻት፤ አገሯ ስትመለስ ያን ወረቀት ላከች። ለአውሮፓ ልጆች መጫወቻ የሚልክ ሁሉ፣ የትም ይኑር የት፣ ይህን ያሟላ ይላል። ማኅበርተኞቹ እንደ ክስ ደብዳቤ ሲቀባበሉት ሰንብተው ለዕቃ ግምጃ ቤቱ ሠራተኛ ለኪዳነ ሰጡት። ኪዳነም ወደ ቤት ይዞት መጣ።

ከሥራ መልስ እሷ ታነባለች፣ እሱ ይጽፋል። የግልገሏ ዓይን በዘጠና ኒውተን ኃይል ተስቦ አሥር ሰከንድ መቆየት አለበት። ዘጠኝ ኪሎ ገደማ መሆኑን ስትነግረው ፀጉር የሚመዘንበትን ባለ መንጠቆ ሚዛንና አንድ ፒንሳ አመጣ። አሥሩን ሰከንድ በምን እንደሚቆጥር ግን ቸገረው፤ ሰዓት አያስርም። በመጨረሻ እሱ አቡነ ዘበሰማያት ሲደግም እሷ በትምህርት ቤቱ ሰዓት ለካችው። በእሱ ፍጥነት «ከማሁ በምድር» ላይ ሲደርስ ልክ አሥር ሰከንድ ይሆናል። በዚሁ ጸና።

አንድ ቀን ደግሞ፣ «እዚህ ጋ ምን ይላል?» አላት።

«ልጁ መጫወቻውን ምን ሊያደርገው እንደሚችል አስቀድማችሁ ገምቱ ይላል። መጫወቱን ብቻ አይደለም፣ ሌላውንም።»

ይህቺ ዓረፍተ ነገር ያዘችው። የራሳቸው ልጅ ስላልነበራቸው ሳምንት ሙሉ በጎረቤት አጥር ላይ ተደግፎ የሰው ልጆች ሲጫወቱ ሲያይ ሰነበተና ደብተሩን ይዞ መጣ። «አፍ ውስጥ መክተት። መርገጥ። ውሻ ላይ መወርወር። ጡት ማጥባት። አመድ ውስጥ መቅበር። ይቅርታ ብሎ መሳም።»

«ይቅርታ ብሎ መሳምም አደጋ ነው እንዴ?»

«እኔ እንጃ። ያደርጉታል ግን» አለ።

ቀለሙ በሕፃን ምራቅ መልቀቅ የለበትም የሚልም አለ። ሕፃን ሲያኝክ ተቀምጦ መጠበቅ አልሆን ሲለው ኪዳነ ወደ አክስቱ ሄደ። ከእያንዳንዱ ሳጥን አንዲት ግልገል እማማ ወለተ ኢየሱስ ያኝካሉ፤ የታኘከች ግልገል አትላክም። መዝገቡ ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ «ፈታሽ፦ ወለተ ኢየሱስ። ዕድሜ፦ ሰባ ስምንት። ጥርስ፦ የለም።» ጀርመናዊቷ ስህተት ይኖር እንደሆነ በደብዳቤ ጠየቀች። ኪዳነ ስህተት እንደሌለ፣ አንድም ጥርስ አለመኖሩን ራሱ እንዳረጋገጠ መለሰላት።

«ባለፈው ዓመት ሳጥን ሙሉ ነው የመለሰብን» አለች እዚያው ለቅሶው ላይ አንዷ ሰፊ። ወይዘሮ አልጣሽ ከሄዱ በኋላም የዓይን ወሬ አላባራም። «በአንዲት ዓይን! ሠላሳ አንድ ሴት አንድ ለአምስት ተደራጅተን የሰፋነውን!»

«አለቀሳችሁ፤ እኔ ምስክር ነኝ» አሉ የእድሩ ዳኛ ጋሽ ዳኜ። «ለሱ ትናንት ካለቀሳችሁት ይበልጣል።»

«ግን ለምን እንዲህ ጨከነ?» አለች የቀየቷ እንግዳ። «አንቆት የሞተበት ልጅ ነበር?»

እማማ ወለተ ኢየሱስ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እሱ ራሱ ነው። ሁለት ዓመቱ ላይ የአባቱን የኮት ቁልፍ ዋጠ።»

አንዲት ሴት ደረቷን ለመምታት እጇን አነሳች።

«እና?»

«እናማ ሦስት ቀን ጠበቅን።»

«እና?»

«መጣ። አጥበን መልሰን ሰፋነው። ያውልሽ ኮቱ፣ እሱም ሲለብሰው ኖሯል። ከላይ ሁለተኛው ነው።»

ሁሉም ቀና ብሎ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ኮት አየ። እሱን እየደባበሰ ያለቅስ የነበረው ለቀስተኛ ሁሉ ከዚያ በኋላ ከታች በኩል መደባበስ ጀመረ።

ጥሩሸዋ ያን የተመለሰ ሳጥን ታስታውሳለች። ሴቶቹ ሲያለቅሱ ኪዳነ መርፌ አንስቶ መሃላቸው ተቀመጠ፤ ሁሉንም ዓይን እንደገና እስኪሰፉ ድረስ አሥራ አንድ ቀን አልተነሳም። ጣቶቹ ቆሳስለው እንጀራ የምታጎርሰው እሷ ነበረች። ስፌት ግን አልሆነለትም፤ እሱ የሰፋው ዓይን ሁሉ ወደ ግራ ያያል። «ጀርመን አገር ወደ ግራ የምታይ ግልገል ካገኘሽ የኔ ናት» ይላት ነበር፤ ከዘመሮ ደብረ ብርሃን መሄድ እንኳ የሚያስመርረው ሰው።

ሐሙስ ሣልስቱ ነው። ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሱ ወይዘሮ አልጣሽ ወረቀቱንና ብዕሩን ይዘው መጡ።

«ሳጥኑን ያምጡት» አለች ጥሩሸዋ።

«የት?»

«እዚህ። መዝገቡንም፣ ሚዛኑንም፣ ፒንሳውንም። አሥራ ሁለት ግልገል አውጥተን እንፈትናለን። አንዲት ከተነቀለች ሳጥኑ አይሄድም።»

«በሣልስቱ? ለቅሶ ቤት ውስጥ?» አሉ ጋሽ ዳኜ። «ሰው ምን ይላል፣ የኔ ልጅ?»

«ያልፈተነውን ፈትኗል ሲባል ዝም አልልም፣ ጋሼ።»

ሁሉም ወደ ሟቹ የነፍስ አባት ወደ አባ መርስዔ ኃዘን ዞሩ።

«ይህ ሁሉ ለማን ነው?» አሉ አባ።

«ለጀርመን ሕፃናት፣ አባ።»

«ተጠምቀዋል?»

«እኔ እንጃ፣ አባ። ያልተጠመቁም ይኖራሉ።»

አባ ጢማቸውን ዳበሱ። «እንዲያ ከሆነማ ይበልጥ መጠንቀቅ ነው። ሳይጠመቅ ለታነቀ ልጅ ማን ሊጠየቅ ነው? አምጡት።»

ሳጥኑ መጣ። እማማ ወለተ ኢየሱስ የመጀመሪያዋን ግልገል ተቀብለው ጆሮዋን በድዳቸው ሲያሹ ቆዩና ነጭ ጨርቅ ላይ ተፍተው አሳዩ። «አልለቀቀም። ያምናው ግን ይጣፍጥ ነበር።»

ቀጥሎ የዓይኑ ፈተና ሆነ። ጋሽ ዳኜ ግልገሏን እንደ ፋሲካ በግ አራት እግሯን ጨምድደው ያዙ።

«ምን ያህል ነው የምትስቢው?»

«ዘጠና ኒውተን።»

«ኒውተን ማነው?»

«ድሮ የሞተ እንግሊዛዊ ነው፣ ጋሼ።»

«ነፍስ ይማር» አሉ በሩ አጠገብ ያሉት ሴቶች በአንድ ድምፅ።

ጥሩሸዋ ዓይኑን በፒንሳ ቆንጥጣ ሚዛኑን አያያዘችና ሳበች። አባ መርስዔ ኃዘን አማትበው አቡነ ዘበሰማያትን በረጅሙ ጀመሩ። «ከማሁ በምድር» ላይ ሳይደርሱ የጥሩሸዋ ክንድ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«አባ፣ ኪዳነ እንዲህ አያረዝመውም ነበር» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ።

«ንስሐ የምሰጠውም ለዚሁ ነበር» አሉ አባ። ቢሆንም ከሁለተኛዋ ጀምሮ ፈጠን አሉ።

አምስተኛዋ ላይ ከዓለም ከተማ የመጡ ለቀስተኞች እየጮኹ ገቡና በሩ ላይ ደርቀው ቀሩ። ቄስ ይደግማሉ፣ ሽማግሌ ጨምድደው ይዘዋል፣ መበለቲቱ በፒንሳ ዓይን ትስባለች። «ጋኔን እያስወጡ ነው?» አለች አንዷ። የቀየቷ እንግዳ ዘወር ብላ፣ ሁሉን እንደሚያውቅ ሰው፣ «ለጀርመን ነው» አለቻት። «ተቀመጪ፣ ገና ሰባት ይቀራል።»

ስምንተኛዋ አለፈች። ዘጠነኛዋ አለፈች። ወይዘሮ አልጣሽ በእያንዳንዷ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በእያንዳንዷ ይተነፍሳሉ። አሥራ አንደኛዋ ስታልፍ ውጭ የአይሱዙው ጡሩምባ ተሰማ።

እማማ ወለተ ኢየሱስ እጃቸውን እስከ ሳጥኑ ወለል ሰድደው የመጨረሻዋን አወጡ። ዓይኖቿ ወደ ግራ ያያሉ።

ወይዘሮ አልጣሽ አዩዋት። «እማማ፣ ሌላ ያምጡ።»

«ለምን?» አለች ጥሩሸዋ።

«ቅዳሜ እጅ አጥሮን እሱ ነው የሰፋት። ስፌቱን ታውቂው የለ፣ ጥሩዬ። ትነቀላለች። ሁሉም በሷ ይቅር?»

«የወጣችው ናት የምትፈተነው። እሱም ቢሆን አይለውጣትም።»

ይህቺን ግልገል ለጋሽ ዳኜ አልሰጠችም። ጭኗ ላይ አስቀመጠቻት፤ አንገቷን በጉልበቶቿ ጠብቃ ይዛ በአንድ እጇ ዓይኑን በፒንሳ ቆነጠጠች፣ በሌላው ሚዛኑን ሳበች። አራት፣ ስድስት፣ ዘጠኝ ኪሎ። «አባ» አለች።

አባ እንደ ኪዳነ አድርገው ደገሙና «ከማሁ በምድር» ብለው ቆሙ።

ጥሩሸዋ አልለቀቀችም።

«አለፈች እኮ!» አሉ ወይዘሮ አልጣሽ።

አልለቀቀችም። ጎንበስ ብላ፣ ፊቷ ግልገሏ ላይ እስኪደርስ ጎንበስ ብላ ወጥራ ይዛለች። የሚዛኑ መርፌ ከዘጠኝ አልተንቀሳቀሰም። አባ መርስዔ ኃዘን አዩዋት። ከዚያ ከቆሙበት ቀጠሉ፤ አሁን በራሳቸው ፍጥነት፣ በዝግታ። ጋሽ ዳኜ ቆባቸውን አውልቀው ተከተሏቸው። በሩ አጠገብ ያሉት ሴቶች፣ የዓለም ከተማዎቹ፣ የቀየቷ እንግዳ ተቀበሉ። ጸሎቱ እስከ መጨረሻው ሄደ። አሜን ሲባል ዓይኑ እንደተሰፋ ነበር።

ያን ጊዜ ሚዛኑን አላላች።

ወይዘሮ አልጣሽ ግልገሏን ወደ ሳጥኑ ሊመልሱ ተቀበሏትና ዳሰሷት። «ይቺ ርሳለች እኮ። እማማ፣ ይቺንም አኝከዋታል እንዴ?»

«እኔ? መቼ...» ብለው እማማ ወለተ ኢየሱስ ቀና አሉ። የጥሩሸዋን ፊት አዩ። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አሉ። «ዛሬ ሁለት አሰኘኝ። የታኘከች አትላክም፣ ደንቡ ነው፤ ትርፍ አለሽ አይደል?» ግልገሏን ከወይዘሮ አልጣሽ እጅ ወስደው ጥሩሸዋ ጭን ላይ መለሷት።

ጥሩሸዋ ጥቁር ነጠላዋ ውስጥ አስገባቻት፤ በሌላው እጇ ብዕሩን ተቀበለች።