ዋስ የሌለው ድምፅ

ኮምፒዩተሩ ዛሬም እምቢ አለ። እምቢታው ግን እንደ ጨዋ ሰው በለሰለሰ አንደበት ነው፤ ሰማያዊ ሳጥን ብቅ ብላ፣ የዚህ ድራይቨር አሳታሚ ስላልታወቀ ለደኅንነትዎ ሲባል አልተጫነም አለች። ከሥሯ «እሺ» የሚል አንድ ቁልፍ አለ። ሌላ ምርጫ የለም። ሚጢ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ቁልፉን ትክ ብላ አየችው።

«እሺ አልልሽም» አለቻትና ሳጥኗን በጥጓ በኩል ዘጋቻት።

ሚጢ ስሟ አይደለም። ከእህትማማቾቹ የመጨረሻዋ ስለሆነች በልጅነቷ የወጣላት ነው፤ ጸጉሯ ሸብቶም፣ ጉልበቷ ደረጃ ላይ መንቋቋት ጀምሮም አልተፋታትም። በአሻንጉሊት ቴአትር ቤቱ የሙዚቃ ክፍል ኃላፊ የሚል ማዕረግ አላት፤ ክፍሉም ኃላፊዋም ሠራተኛዋም እሷው ናት። ቢሮዋ ከመድረኩ ጎን፣ ከደረጃው ሥር ያለች፣ ጣሪያዋ ቀጥ ብሎ መቆም የማይፈቅድ ጓዳ ናት። ጠረጴዛ፣ ትንሽ ኪቦርድ፣ ኮምፒዩተር፣ መድረኩን ከጀርባው የምታይበት አንዲት መስኮት፤ ከዚያ በተረፈ የሙጫና የስፖንጅ ሽታ ብቻ ነው።

አሮጌው ኮምፒዩተር ባለፈው ሳምንት በልምምድ መሐል ጭሶ ሞተ። ቢሮው ሌላ ሰጣት። እሷም ከሬሳው ውስጥ የድምፅ ካርዱን ነቅላ አወጣችው፤ መዳፍ የሚያክል አረንጓዴ ሰሌዳ ነው። በመጥረጊያ ብሩሽ አቧራውን አራግፋ አዲሱ ሆድ ውስጥ ስትሰካው፣ እንደ እድል ሆኖ የሚስማማው ቀዳዳ ተገኘና ጠቅ ብሎ ገባ። ሲስተሙ ግን አላውቅህም አለው። ካርዱን የሠራው ፋብሪካ ከተዘጋ ቆይቷል። ድራይቨሯን፣ ማለትም ካርዱንና ኮምፒዩተሩን የምታግባባውን ፕሮግራም፣ ለአዲሱ ሲስተም እንድትስማማ አድርጎ የጻፋት የት እንደሚኖር እንኳ የማይታወቅ አንድ ሰው ነው፤ ካርዱን ስለወደደው ብቻ ጽፎ ኢንተርኔት ላይ ለፈለገ ሁሉ አኖራት። ሲስተሙ ደግሞ ፊርማ ካላየሁ አላስገባም ይላል። ዋስ ጥሪ ይላታል። ለተዘጋ ፋብሪካ ማን ዋስ ይሆናል?

ነገሩን ከሩቅ ያየ ሰው ለአንድ አሮጌ ካርድ ይህን ያህል ምን ያንገበግባታል ይል ይሆናል። ካርዱ ውስጥ ግን እህቷ አለች።

ሚጢ «እታለም» የምትላት ታላቅ እህቷ የቤቱ ነባር አሻንጉሊት አጫዋች ናት። ያቺን አንገተ ረጅም ሽመላ፣ ልጆች ገና ምንቃሯ ከመጋረጃው ብቅ ሲል መንከትከት የሚጀምሩላትን፣ የምታንቀሳቅሳት እሷ ናት። ትርኢቱ መጀመሪያ ሲዘጋጅ ለሽመላዋ መዝፈኛ ድምፅ ተፈለገና እታለም ማይክሮፎን ፊት ቆማ አንዲት «አ» አለች። አንድ ትንፋሽ። ሚጢ ያችን «አ» ካርዱ ላይ ጫነቻት፤ ኪቦርዱን ስትነካው ካርዱ ያችኑ ትንፋሽ አንዴ ሽቅብ አንዴ ቁልቁል እየሳበ ዜማ ያደርጋታል። ያኔ ቀልድ ነበር። ዓመታት አለፉና ሐኪሞች የእታለምን ጉሮሮ ከፍተው ሕመሙን ከነድምፅዋ አወጡት። ዛሬ የምታወራው በከንፈሯና በእጇ ነው። ድምፅዋ ሌላ ቦታ ተቀድቶ እንደሆነ ቢፈለግ ቢፈለግ፣ አንድ የሠርግ ቪዲዮ ላይ በጭብጨባ መሐል ስትስቅ ታየች እንጂ አልተሰማችም። የቀረችው ያቺ «አ» ናት። እሷንም ከዚያ ካርድ በቀር የሚያነባት ማሽን የለም።

ካርዱ ደህና ሳለ ዜማውን በሙሉ ቀድቶ ማስቀመጥ ይቻል ነበር። ሥራ አስኪያጁ ደጋግሞ ወትውቷታል፤ እሷ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ኖረች። እዚያ ቤት ተጫዋች ሙዚቃን አይጠብቅም፤ ሙዚቃው ነው ተጫዋቹን የሚጠብቀው። ሽመላዋ ምንቃሯን ስትከፍት ሚጢ ቁልፉን ትነካለች፤ ስትገጥም ትለቃለች። ልጆቹ ሳቃቸው አላልቅ ካለ እታለም ምንቃሩን ከፍታ ትቆያለች፣ ሚጢም ድምፁን ይዛ ትቆያለች። የተቀዳ ሙዚቃ ዐይን የለውም ትል ነበር በኩራት። ይኸው ኩራቷ ሰሞኑን እንቅልፍ ነሥቷታል።

ሥራ አስኪያጁ አንገቱን ሰብሮ ወደ ጓዳዋ ገባ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ችግሩ ሁሉም ነገር በሰዓቱ እንዲሆን መፈለጉ ነው።

«እትዬ ሚጢ፣ እንዴት ሆነ?»

«እየሆነ ነው።»

«ትናንትም እየሆነ ነበር እኮ።» ወንበር ስለሌለ ጉልበቱን አጥፎ ቁጢጥ አለ። «ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጆቹ ይገባሉ። እስከዚያ ካልሠራ ያዘጋጀሁትን ሙዚቃ ነው የምለቀው። ዛሬ በሱ ከወጣን ደግሞ ዘንድሮን በሙሉ በሱ ነን፤ መብራቱንም እንቅስቃሴውንም በየቀኑ ስለዋውጥ አልኖርም። ሰምተውታል አይደል? ቆንጆ ድምፅ ነው። ልጆቹ ልዩነቱን አያውቁትም።»

ሰምታዋለች። የሠለጠነች ዘፋኝ ናት፤ ጥርት ያለች፣ እንከን የማይወጣላት። ያ ነው አንጀቷን ያሳረራት።

«እኔ አውቀዋለሁ» አለች።

«እሺ ይበልጣል ከሺ ሲባል አልሰሙም?»

«እንዴት አልሰማም! ይሄም ሳጥን ከጠዋት ጀምሮ እሺ በዪ እያለኝ ነው። ለሁለታችሁም ያለኝ መልስ አንድ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ሳቀ፤ እየሳቀም ሰዓቱን አየ። ሲወጣ ጭንቅላቱን ከደረጃው ጋር አጋጨው፤ ሁሌም ያጋጨዋል።

ከቢሮ የመጣው የኮምፒዩተር ባለሙያ አዳራሹ ውስጥ የቲኬት ቆራጯን ማሽን ሲነካካ ነበር። ሚጢ ክንዱን ይዛ ወደ ጓዳዋ አመጣችው።

«እስቲ እውነቱን ንገረኝ። ይሄ ማሽን ፊርማ ሳይጠይቅ የሚነሣበት መንገድ የለውም?»

ሰውዬው ማጅራቱን አከከ። «መንገድስ አለው። ግን አይፈቀድም።»

«ለምን?»

«ማንም የጻፈው ነገር ይገባላ! ሌባ የሚገባው በዚያ በር ነው።»

«አሻንጉሊት ቤት ምን ሊሰርቅ ነው? ይልቅ ከኢንተርኔቱ ነጥለኸው ብትሄድስ?»

ሰውዬው ኮምፒዩተሩን አየ፣ ኪቦርዱን አየ፣ መጨረሻ እሷን አየ። ስለ እታለም የሰማ መሆን አለበት፤ ቴአትር ቤት ወሬ አይደበቅም። ጎንበስ ብሎ የኢንተርኔቱን ገመድ ራሱ ነቀለና ጠቅልሎ ኪሱ ከተተው። «ሲነሣ ምርጫዎች ይደረድርልዎታል፤ ሰባተኛውን ይጫኑ። ግን ባጠፉት ቁጥር ይረሳዋል፤ ሁልጊዜ እንደ አዲስ መምረጥ ነው። ከተጠየቅሁ ደግሞ እዚህ አልነበርኩም።»

«አንተን? ከነመፈጠርህም አላውቅ፤ ዐይኔን ግንባር ያድርገው!»

ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ ተነሣ። ሰባተኛውን ተጫነች። አሁን ሳጥኗ ቀይ ለብሳ መጣች፤ አሳታሚው አይታወቅም፣ ከቀጠሉ በራስዎ ኃላፊነት ነው አለች። «በራሴ» አለች ሚጢ ጮክ ብላ፣ ዋስ ለመሆን እንደቆመ ሰው፣ እና ተጫነችው። በካርዱ ስም ላይ ሳምንቱን ሙሉ ተለጥፎ የከረመው ቢጫ ምልክት ተነሣ። «አ» ያለችበትን ፋይል ጫነች። ኪቦርዱን ነካች።

ዝም።

ደግማ ነካች። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴው መስመር ዘለል አለ፤ ካርዱ ድምፅ እያወጣ ነው ማለት ነው። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ስፒከሮች ግን ትንፍሽ አላሉም። ድምፁን ጨመረች፣ ዘጋች፣ ከፈተች፣ ፋይሉን እንደገና ጫነች። ዝም። ከዚህ በኋላ የምትጣላው ሳጥን እንኳ አልነበረም።

እታለም ጓዳው በር ላይ ቆማለች። ገመዶቹን ጠዋት ያያያዘችው እሷ ናት፤ አሁን ለትርኢቱ ጥቁሩን ልብስ ለብሳ፣ አንገቷ ላይ ያለውን ቀዳዳ በሻሽ ሸፍና መጥታለች። ገብታ ከጠረጴዛው አጠገብ ቆመችና የእህቷን ትከሻ ነካች። ሚጢ ቀና ብላ ከንፈሯን አነበበች።

«ተይው ሚጢ።»

«ምኑን ነው የምተወው?»

«እኔ ለምጄዋለሁ። አንቺም ልመጂው።» እታለም እጇን ወደ ስክሪኑ ዘረጋች። «እሷን በየቀኑ መስማት ይደክመኛል። ያቺ ሌላ ሴት ናት።»

ሚጢ ደሟ ፈላ። በማን ላይ እንደፈላ እሷም አታውቅም፤ በእህቷ፣ በሐኪሞቹ፣ በዚያ በጨዋ ሳጥን፣ በሁሉም ላይ ነበር።

«አልለምድም!» አለች። «ጉሮሮሽን ሲከፍቱት እኔን የጠየቀኝ የለም። ብጠየቅም ውሰዱ ነበር የምለው፣ አንቺን ይተዉልኝ እንጂ። ይሄን ግን በእጄ አንሥቼ አልሰጥም። መስማት ከደከመሽ ጆሮሽን ያዢ! ካንቺ ጋር ተከባብሬ የኖርኩት እስከ ዛሬ ነው!»

እታለም አፍጥጣ አየቻት። ኋላ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቀች ነበር። ከልጅነታቸው ጀምሮ እህቷ ስትቆጣ ሳቋን መያዝ አትችልም። ሳቁ አላስቆም ቢላት መዳፏን ጠረጴዛው ላይ አሳርፋ ተደገፈች።

ሚጢን ይህ ይባስ አበሸቃት። ላለማየት ብላ ጠረጴዛው ሥር ገባችና ከስፒከሩ የሚመጣውን ገመድ በእጇ እየተከተለች ሄደች። የገመዱ ራስ በጥፍር ቀለም ቀይ ተቀብቷል። የካርዱ ቀዳዳዎች ሁሉ ወርቃማ ስለሆኑ በጨለማ አይለዩም፤ ስለዚህ እታለም ከጥንት ጀምሮ የስፒከሩን ቀይ፣ የማይክሮፎኑን ወይን ጠጅ እየቀባች ታያይዛለች። ይህ አዲስ ኮምፒዩተር ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ የራሱ ባለቀለም ቀዳዳዎች አሉት፤ ቀዩ የማይክሮፎን ነው። እታለም ቀዩን በቀዩ ሰክታለች። ስፒከሩን ለማይክሮፎን ድራለች።

«ወይ አንቺ!» አለች ሚጢ ከጠረጴዛው ሥር። ነቅላ ካርዱ ላይ ሰካችው።

አዳራሹ በአንድ ጊዜ በድምፅ ሞላ። እታለም የተደገፈችው ለካ ጠረጴዛውን ብቻ አልነበረም፤ ግማሽ መዳፏ ኪቦርዱ ላይ ነበር። አንዲቱ «አ» በአምስት በስድስት ጉሮሮ ተከፋፍላ፣ ወፍራሙም ቀጭኑም የእሷው ሆኖ፣ ከባዶዎቹ ወንበሮች በላይ ተንጣለለ። እታለም እሳት እንደነካ ሰው እጇን አነሣች። ድምፁ ተቋረጠ። ሚጢ ጭንቅላቷን አውጥታ ስታያት ሳቋ የለም፤ ፊቷ አመድ መስሏል። ዐይኗ ኪቦርዱ ላይ ነው። በዚያ ሁሉ ዓመት ያን ኪቦርድ ነክታው አታውቅም ነበር።

ሥራ አስኪያጁ እየሮጠ መጣ። «ሠራ? ሠራ እንዴ?»

«ሠራ።»

«መሐል ላይ ቢቆምስ?»

«ያኔ ያንተን ልቀቅ።»

ጥቂት አሰበና ተስማማ። የራሱን ሙዚቃ አዘጋጅቶ፣ ጣቱን ቁልፉ ላይ አድርጎ ከኋላ ረድፍ ተቀመጠ። እታለም ወደ መድረኩ ሄዳ ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጆቹ ገቡ። መብራቱ ደበዘዘ፣ መጋረጃው ተከፈተ፣ ሽመላዋ ረጅም አንገቷን አወጣች፤ ሳቁ ፈነዳ። ምንቃሩ ተከፈተ፣ ሚጢ ነካች። ድምፁ ወጣ፤ ትንሽ የሻከረ፣ ጫፉ ላይ ትንፋሽ የሚሰማበት፣ የእታለም ድምፅ። ስክሪኑን አላየችም። በመስኮቷ በኩል ከእንጨቱ ግርዶሽ ጀርባ የቆመችውን እህቷን፣ ወደ ላይ የተዘረጋውን ክንዷን፣ ምንቃሩን የምትከፍተውንና የምትገጥመውን እጇን ብቻ አየች። ዘፈኑ እንደ ወትሮው ሄደ። ካርዱም አልቆመም።

መጨረሻው አጭር ነው። ሽመላዋ አንዲት «አ» ትልና ምንቃሯን ገጥማ ትሰግዳለች። ሚጢ ነካች። ምንቃሩ አልገጠመም።

ጣቷን ይዛ ጠበቀች። ልጆቹ ሳቁ። ሳቁ አለቀ፤ ምንቃሩ እንደተከፈተ ነው። ከፊት ረድፍ አንዲት ልጅ ከሽመላዋ ጋር «አ» አለች። ጎኗ ያለውም ተከተላት፤ ወዲያው አዳራሹ በሙሉ ማን ያሸንፋል ብሎ ተያያዘው። ትንፋሽ ለመቆጠብ ጉንጫቸውን የነፉ አሉ፣ ወንበር ላይ የቆሙ አሉ። አንድ ባንድ እየሳሉ፣ እየሳቁ፣ ትንፋሻቸው እያለቀ ወደቁ። የመጨረሻው ልጅ ፊቱ ቀልቶ እጁን ሰጠ።

ያቺ «አ» ብቻዋን ቀረች። ከኋላ ረድፍ ሥራ አስኪያጁ ተነሥቶ ቆመ፤ ጣቱ ግን ከቁልፉ ላይ ወርዷል። ሚጢ እህቷን አየቻት። የእታለም ክንድ ከመዘርጋት ብዛት ይንቀጠቀጣል። ፊቷን ከሽመላዋ መልሳ ወደ መስኮቷ አዙራለች፤ የራሷም አፍ እንደ ምንቃሩ ተከፍቷል።

ሚጢ ቅንድቧን አንሥታ ልልቀቀው? ብላ ጠየቀቻት።

የእታለም ከንፈር ተንቀሳቀሰ።

«ገና።»